«ተጠንቀቁ» ማለት ብቻውን ገበያን አይጠብቅም

በስልክ ገበያ በሚፈጸመው ማጭበርበርና በመከላከያው ላይ የቀረበ ሂስ

 

ገበያ ማለት ከጥንት ጀምሮ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ ዕቃው ተገላብጦ የሚታይበት፣ ዋጋውም በክርክር የሚቆረጥበት ቦታ ነው። ዛሬ ግን የገበያው ከፊሉ ከአደባባይ ወጥቶ ወደ ኪሳችን ገብቷል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ከዚያም በሚያንሱት የጉራጌ ከተሞች ሳይቀር፣ ሰው ስልኩን ከፍቶ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ጫማ ያማርጣል፤ ልብስ ይመርጣል፤ የቤት ዕቃ ያዛል። ገንዘቡንም ከተቀመጠበት ሳይነሣ ይልካል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ያስጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሱን አስታውቋል። የባንኮቹ የሞባይል አገልግሎት ሲታከልበት፣ ገንዘብ ከወልቂጤ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

ይህ ጸጋ ነው፤ አንክደውም። ነገር ግን ገንዘቡ በፈጠነበት መንገድ አታላዩም አብሮ ፈጥኗል። በዚህም ምክንያት ከየአቅጣጫው «ተጠንቀቁ!» የሚል ድምፅ እንሰማለን። ባንኩ በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ፖሊስ በሬዲዮ፣ ዳዒው በሚንበር፣ ጎረቤትም በቡና ላይ ሁሉም «ተጠንቀቁ» ይላል። ይህ ጽሑፍ ሂስ የሚያቀርበው በዚሁ ቃል ላይ ነው። ቃሉ ስሕተት ሆኖ አይደለም። ገዢን ማስጠንቀቅና ገበያን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ሳሉ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ሠርተን ሁለተኛውንም የሠራን ስለመሰለን ነው።

ማጭበርበሩ እንዴት ይሠራል?

በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልምና አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት። አንደኛው ሱቅ ሳይኖር ሱቅ መክፈት ነው። አታላዩ የሌላ ነጋዴን የዕቃ ፎቶግራፍ ይሰበስባል፤ ቻናል ይከፍታል፤ ተከታዮችን በገንዘብ ይገዛል፤ ከዚያም ከመርካቶ ዋጋ ዝቅ ያለ ዋጋ ይጽፋል። ከሥሩ «ዕቃው ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥልኝ» የሚሉ አስተያየቶች ይደረደራሉ። ጸሐፊዎቹ ራሱ አታላዩና ባልንጀሮቹ ናቸው። የፊቅህ ሊቃውንት ዕቃውን ሊገዛ ሳይፈልግ ሌላውን ለማነሣሣት ብቻ ዋጋ የሚጨምርን ሰው ሥራ «ነጀሽ» ብለው ያወግዙታል። የዚህ ዘመን ሐሰተኛ አስተያየትም የዚያው የነጀሽ የሥጋ ዘመድ ነው።

ሁለተኛው ዕቃ ልኮ ማታለል ነው። በፎቶው የታየው ሌላ፣ በካርቶኑ ውስጥ የደረሰው ሌላ ይሆናል። «ኦሪጂናል» የተባለው ስልክ አስመስሎ የተሠራ፣ «አዲስ» የተባለው ታድሶ የተቀባ ሆኖ ይገኛል። ሻጩን ሲደውሉለት ወይ አያነሣም፣ ወይ ቁጥሩን ይዘጋዋል።

ሦስተኛው በሻጩ ላይ የሚፈጸም ነው። ገዢ መስሎ የመጣው ሰው ክፍያ የፈጸመበትን ደረሰኝ በስልኩ ላይ ቆርጦና ቀጥሎ ያዘጋጃል፤ ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል መልእክት ይልካል። ባለሱቁ ሒሳቡን ከፍቶ ሳያይ ዕቃውን ያስረክባል። ሌላው ደግሞ «በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ብሎ ያልላከውን ያስመልሳል። ስለዚህ የሚበደለው ገዢ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። ሐቀኛው ነጋዴም በአታላዩ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በኪሱ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ገዢ በሙሉ ሻጮችን ሁሉ ስለሚጠረጥር በስሙ።

እዚህ ላይ የእኛን የክፍለ ሀገር ሰዎች በተለይ የሚመለከት ነጥብ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሻጮች ዕቃውን በሞተር ልከው፣ ገዢው አይቶ ሲረካ ገንዘቡን ይቀበላሉ። ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ጅማ ሲሆን ግን «ለክልል ቅድሚያ ክፍያ» ይባላል። ገንዘቡ ይቀድማል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ ይከተላል። በሻጩ በኩል ካየነው ምክንያት አለው፤ ዕቃውን ልኮ ገዢው «አልፈልግም» ቢለው የትራንስፖርቱን ኪሳራ የሚሸከመው እርሱ ነው። ውጤቱ ግን በአንድ ገበያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገዢ መፍጠሩ ነው። የከተማው ሰው ዓይቶ ይከፍላል፤ የክፍለ ሀገሩ ሰው ከፍሎ ይጠብቃል። አታላዩም ወጥመዱን የሚዘረጋው በዚህ በመጠበቂያው ጊዜ ውስጥ ነው።

የምስጢር ቁጥሯን ለማንም አልሰጠችም

በከተማችን የማውቃት አንዲት እናት የዕቁብ ዕጣ ደረሳት። ለልጇ የልብስ ስፌት መኪና ልትገዛላት አስባ ነበርና ልጅቱ በስልክ ያገኘችው ሻጭ ዘንድ ተደወለ። ሻጩ ትሑት ነው፤ «እማማ» ይላል፤ በየዐረፍተ ነገሩ «ወላሂ» ይምላል። ግማሹን ቀብድ ላኩ፣ ዛሬ ማታ ይጫናል አለ። ተላከለት። በማግስቱ የመጫኛና የትራንስፖርት አለ፤ እርሱም ተላከለት። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ዝግ ሆነ። ከእርሱ ጋር የተጻጻፉት መልእክትም ከስልኳ ውስጥ ተሰርዞ ተገኘ።

ነገሩ ሲሰማ ሰው ሁሉ «ምን አጣደፋት?» አለ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ይህች እናት የዕቁቡን ገንዘብ ከዳኛው እጅ ከመቀበሏ በፊት ዋስ ጥሪ ተብላለች። ሃያ ዓመት የሚያውቋት፣ ቤቷን የሚያውቁት፣ በሰርጓም በለቅሶዋም የተገኙ ሰዎች «ዕጣውን ወስደሽ ብትቀሪስ?» ብለው ዋስ አስጠርተዋታል፤ እርሷም አልተቀየመችም። ያንን ገንዘብ ከእርሷ የወሰደው ሰው ግን ፊቱን አላሳየም፣ ስሙን አላረጋገጠም፣ ዋስም አልጠራም። በዚያው ወር ስልኳ ላይ «የምስጢር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚል መልእክት ደጋግሞ ደርሷታል። እርሷም የምስጢር ቁጥሯን ለማንም አልሰጠችም።

በማስጠንቀቂያው ላይ ያለን ሂስ

የመጀመሪያው ሂሳችን ከዚሁ ይነሣል። የሚነዛው ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው የተዘጋጀው ለሌላ ዓይነት ሌብነት ነው። የምስጢር ቁጥርን መደበቅ ሌባ ወደ ሒሳባችን እንዳይገባ ይጠቅማል። በግዢ ማጭበርበር ግን ሌባው ወደ ሒሳባችን አይገባም፤ እኛው በገዛ እጃችን፣ በገዛ ቁጥራችን፣ ፈቅደን እንልክለታለን። በር ዝጉ የሚለው ምክር በሩን ከፍቶ እንግዳ ለሚቀበል ሰው ምን ይፈይድለታል?

ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያው ጥፋቱን ሁሉ በተታለለው ላይ ይጭናል። «ስስታም ስለሆነ ነው»፣ «ርካሽ ስለፈለገ ነው» ይባላል። ይህ የጥናት ሰዎች ካገኙት ጋር አይገጥምም። በእንግሊዝ አገር የካምብሪጁ ፍራንክ ስታጃኖ፣ የአጭበርባሪዎችን ዘዴ በቴሌቪዥን እየሠራ ሲያሳይ ከነበረው ከፖል ዊልሰን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት፣ አታላዮች የሚጠቀሙባቸውን ሰባት የሰው ልጅ ባሕርያት ዘርዝሯል። ስስትና ችግር ከሰባቱ እንደ አንድ ብቻ ተቆጥረዋል። ከቀሩት መካከል ሐሳብ መበታተን፣ ለባለሥልጣን መታዘዝ፣ ብዙ ሰው ያደረገውን መከተልና በጥድፊያ መወሰን ይገኙባቸዋል። እነዚህ የመጥፎ ሰው ጠባዮች አይደሉም፤ ሁላችንም ዘንድ ያሉ ናቸው። «ሁለት ብቻ ቀርቷል፣ አሁኑኑ ላኩ» የሚለው ቃል መምህሩንም፣ ነጋዴውንም፣ ዐዋቂ ነኝ ባዩንም ይይዛል። የጥናቱ መልእክትም ለመተላለፊያው ሥራ ኃላፊ የሆነው አካል ሰውን «ለምን ተታለልህ?» እያለ ከመውቀስ ይልቅ አሠራሩን ከሰው ባሕርይ ጋር አስማምቶ ይገንባ የሚል ነው።

የኢኮኖሚ ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍም እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎች የሚሸጡበትን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ሻጩ ስለ ዕቃው ነውር ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደጉን ከመጥፎው መለየት ካቃተው ለሁሉም ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ ከገበያው ይወጣና መጥፎው ብቻ ይቀራል። ለዚህና ተያያዥ ለሆነው ሥራው በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። እኛ መድረሳ የተማርን ሰዎች ነገሩን ስናነብ ትዝ የሚለን የእህሉ ክምር ታሪክ ነው። ረሱል /ሰ.ዐ.ወ/ በመዲና ገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር ውስጥ ሰደዱ፤ ውስጡም እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ መትቶት ነው ባለ ጊዜ፣ እርጥቡ ሰው እንዲያየው ከላይ መሆን ነበረበት ብለው ገሠጹት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑንም ነገሩት። ልብ እንበል! ተግሣጹ የደረሰው ለባለ እህሉ ነው። ለገዢዎች «እጃችሁን እየሰደዳችሁ ግዙ» የሚል ማስታወቂያ በማስነገር አልተወሰኑም።

በሕጉ አፈጻጸም ላይ ያለን ሂስ

«ሕግ የለም» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ እውነት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 10 በኮምፒዩተር አማካይነት አሳሳች መረጃ አሰራጭቶ ወይም ማንነቱን ቀይሮ ሰውን ጥቅሙን በሚጎዳ ተግባር ውስጥ የሚያስገባን ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ይደርሳል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ለተደረገ መልእክትና ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል።

ሕጉ ካለ ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ ሕጉ ሌባው ከተያዘ በኋላ የሚሠራ መሆኑ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የተጎዳው ሰው ወልቂጤ ነው፤ ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ የተከፈተው ሌላ ከተማ ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው ሰው ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም የወጣ፣ ሒሳቡም ከችግረኛ ወጣት በትንሽ ገንዘብ የተከራየ ሆኖ ይገኛል። የተወሰደው ገንዘብ ለባለቤቱ የዓመት ጥሪት ቢሆንም፣ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ትንሽ ጉዳይ ነው። ክሱን ለመከታተል መመላለሻው ከጠፋው ሊበልጥ ሲል ተበዳዩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከዚህም በላይ «ተሞኘች» መባልን ፈርቶ ጭራሽ የማያመለክተው ስንቱ ነው! ያልተነገረ ወንጀል ደግሞ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበም እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል።

በሌላው ዓለም ይህንን ክፍተት ለመዝጋት የተጀመረ ነገር አለ። በብሪታንያ ከጥቅምት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ተታሎ በገዛ ፈቃዱ ገንዘብ ለላከ ግለሰብ ባንኮች እስከ 85 ሺህ ፓውንድ ድረስ እንዲተኩለት ተደንግጓል። ገንዘቡን የሚተኩትም የላከው ባንክና የተቀበለው ባንክ እኩል ተካፍለው ነው። የዚህ ሕግ ብልሃት ለተበዳዩ ገንዘቡን ከመመለሱ ይልቅ የአታላዩን ሒሳብ የከፈተውን ባንክ ባለጉዳይ ማድረጉ ነው። ባንኩ ከኪሱ የሚከፍል ከሆነ «ይህ ሒሳብ የማነው? ትናንት ተከፍቶ ዛሬ ከሃያ ሰው ገንዘብ የሚገባበት ለምንድን ነው?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። እኛ አገር እንዲሁ ይገልበጥ ማለቴ አይደለም፤ የባንኮቻችን አቅምና የሕዝቡ ኑሮ የተለየ ነው። ነገር ግን የሌባውን ገንዘብ ተቀብሎ ያስተናገደ ተቋም በነገሩ ውስጥ ድርሻ አለው የሚለው መሠረተ ሐሳብ ሊጠና ይገባዋል።

በጎ ጅምር የለም አንልም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ፋይዳን ከባንክ ሒሳብ ጋር የማስተሳሰሩ ሥራ ተጀምሯል፤ ይህም በተከራየ ስም መነገድን ሊያጠብ ይችላል። የባንክና የቴሌብር ደረሰኞች ትክክለኛነታቸው በኢንተርኔት የሚረጋገጥበት መንገድ ተበጅቶላቸዋል፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ ይዞ ለሚመጣ ሰው ጥሩ መልስ ነው። ይሁንና ስንቱ ባለሱቅ ያውቀዋል? «የምስጢር ቁጥር አትስጡ» የሚለው መልእክት አንድ መቶ ጊዜ ሲላክ፣ «ደረሰኙን እንዲህ አድርጋችሁ አረጋግጡ» የሚለው ስንት ጊዜ ተላከ?

በራሳችን ላይ ያለን ሂስ

ሌላውን ተችቶ ራስን መተው ፍትሕ አይደለም። እኛ ዑስታዞችና ዳዒዎች ስለዚህ ጉዳይ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስለ ስስት ነው። የሪዝቅን ነገር፣ የዱንያን ከንቱነት እናወሳለን። መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጇን ሙያ ልታስይዝ የስፌት መኪና የፈለገች እናት ስለ ስስት ምን ትምህርት ያስፈልጋታል? ስለ ሚዛን አጉዳዮች የወረደውን ሱረቱል ሙጠፊፊንን በየሰላቱ እናነባለን። ሱራው የሚጀምረው ሚዛን ለሚያጎድሉት በማስጠንቀቅ ነው። እኛ ግን ማስጠንቀቂያውን ገልብጠን ሚዛን ለጎደለበት ሰው አደረግነው።

ደግሞም በሃይማኖታችን ስም የሚነገደው ነገር ያሳፍራል። በቻናሉ ራስ ላይ ቢስሚላህ ይጻፋል፤ «ሐላል ንግድ»፣ «ታማኝ ሙስሊም ሻጭ» ይባላል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይህ ነው። ነቢዩ /ሰ.ዐ.ወ/ መሐላ ዕቃን ቢያሸጥም በረከትን እንደሚያጠፋ ያስተማሩት ለኛ ነው። አንባቢ ሆይ! አንድ ሻጭ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለ ዲኑ ብዙ ሲነግርህ፣ ዕቃውን የበለጠ መመርመር ይገባሃል።

ሌላው ድክመታችን የፊቅሁን የንግድ ምዕራፍ በኪታብ ውስጥ ዘግተን መተዋችን ነው። ተማሪዎቻችን ስለ ሰለም ሽያጭ ሲቀሩ በአእምሯቸው የሚያስቡት የመዲናን ተምር ብቻ ነው። ሰለም ማለት ዋጋው በቅድሚያ ተከፍሎ ዕቃው በኋላ የሚረከብበት ውል አይደለምን? የ«ለክልል ቅድሚያ ክፍያ» ጉዳይ ከዚህ የራቀ ነውን? ነቢዩ /ሰ.ዐ.ወ/ መዲና ሲገቡ ሰዎች ለተምር አስቀድመው ሲከፍሉ አገኙ፤ አልከለከሏቸውም፤ ነገር ግን መጠኑና ክብደቱ፣ ጊዜውም የታወቀ እንዲሆን አዘዙ። በተቃራኒው ሐኪም ኢብን ሒዛም /ረ.ዐ/ በእጁ የሌለውን ዕቃ ሸጦ ከዚያ ከገበያ ገዝቶ ስለማስረከብ በጠየቃቸው ጊዜ፣ እርሱ ዘንድ የሌለውን እንዳይሸጥ ነገሩት። የሌላውን ሱቅ ፎቶ ለጥፎ ቀብድ የሚቀበል ወጣት ይህንን ሐዲስ ከማን ይስማ? ያልታየ ዕቃን ስለመግዛትም መዝሀቦቹ ይለያያሉ። በሻፊዒያ ዘንድ ጠንካራ የተባለው አቋም አይጸናም የሚል ሲሆን፣ በሐነፊያ ዘንድ ግን ሽያጩ ጸንቶ ገዢው ዕቃውን ሲያይ የመመለስ ምርጫ አለው። ሁለቱም የተጨነቁት ለአንድ ነገር ነው፤ ላላየው ሰው።

ከዚህም ጋር በሱረቱል በቀራ ውስጥ ያለው የቁርኣን ረጅሙ አያ ስለ ምን ነው? በጊዜ ስለተወሰነ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። ኢብኑ ዐባስ /ረ.ዐ/ ይህንን አያ ከሰለም ውል ጋር አያይዘውታል። ተከትሎት ያለው አያ ደግሞ ጸሐፊ ባልተገኘ ጊዜ በእጅ ስለሚጨበጥ መያዣ ያስተምራል። እንግዲህ እናስተውል፤ በቴሌግራም የተጻጻፍነውን አንዱ ወገን ብቻውን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊሰርዘው ይችላል። አንደኛው ብቻውን የሚያጠፋው ጽሑፍ እንዴት ውል ይባላል?

የተታለለውን ሰው ምን አደረጉት?

የጉዳዩን እምብርት የሚነካ አንድ ታሪክ በሐዲስ ኪታቦች ውስጥ አለ። በረሱል /ሰ.ዐ.ወ/ ዘመን በግብይት ላይ የሚታለል አንድ ሰው ነበር፤ በአንዳንድ ዘገባዎች ስሙ ሒባን ኢብን ሙንቂዝ /ረ.ዐ/ ይባላል። ማስተዋሉ ደከም ያለ ስለነበር ቤተሰቦቹ መጥተው ከንግድ እንዲታገድላቸው ጠየቁ። ነቢዩም ጠርተው ከለከሉት። ሰውየው ግን ከመገበያየት መታገሥ አልችልም አለ። ያን ጊዜ ሲገበያይ «ማታለል የለም» ብሎ እንዲናገር አስተማሩት፤ በሌላ ዘገባም በሚገዛው ዕቃ ላይ የሦስት ቀን ምርጫ ሰጡት፤ ከወደደ ያስቀረዋል፣ ካልወደደ ይመልሰዋል።

ይህንን ከእኛ አሠራር ጋር እናነጻጽረው። እኛ ለተታለለው የምንሰጠው ምክር ነው፤ ለሒባን የተሰጠው መብት ነው። እኛ «ከእንግዲህ በስልክ አትግዛ» እንላለን፤ ይህ ቤተሰቦቹ የጠየቁት እገዳ ነው። እርሱ ግን ወደ ገበያው ተመለሰ፤ የተመለሰውም ሦስት ቀን ይዞ ነው። ደካማውን ከገበያ ማስወጣት ቀላል ነው፤ ገበያውን ለደካማው የሚሆን ማድረግ ግን ሥራ ይጠይቃል።

ምን ይደረግ?

መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የጉራጌ ነጋዴ ኢንተርኔት ሳይመጣ ከማያየው ሰው ጋር ሲነግድ ኖሯል። የወልቂጤ ባለሱቅ መርካቶ ደውሎ ዕቃ ያስጭናል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ይመጣል፤ ገንዘቡ በኋላ ይላካል። ይህ የሆነው ሰዎቹ መላእክት ስለነበሩ አይደለም። በመካከላቸው የሚታወቅ ሰው፣ የሚጠየቅ ዘመድ፣ የሚጠፋ ስም ስለነበረ ነው። ዕቁባችንም ዳኛና ጸሐፊ፣ ከሁሉም በላይ ዋስ አለው። የስልኩ ገበያ ያጣው ይህንን ነው፤ ዋስ።

ቻይናዎች ይህንኑ ዋስ በመሣሪያ ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2003 ታኦባኦ የተባለው የኢንተርኔት ገበያቸው ሲከፈት ገዢውም ሻጩም ይፈራሩ ነበር። ስለዚህ የገዢው ገንዘብ በመካከለኛ እጅ በአደራ እንዲቀመጥ፣ ገዢው ዕቃውን ተረክቦ ሲያረጋግጥ ብቻ ለሻጩ እንዲለቀቅ አደረጉ። በኋላ አሊፔይ ተብሎ የታወቀው ግዙፍ የክፍያ ድርጅት የተነሣው ከዚህች ትንሽ አደራ ነው። የዚያው ቡድን የሆነው አሊባባ ደግሞ በ2011 ከ2,300 በላይ የሚሆኑ «ታማኝ» የሚል ማዕረግ የሰጣቸው ሻጮች ገዢዎችን ማታለላቸውንና ከራሱ ሠራተኞችም የተባበሩ እንዳሉ ባረጋገጠ ጊዜ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በማታለሉ ውስጥ እጃቸው ሳይኖርበት ኃላፊነቱን ወስደው ሥራቸውን ለቀዋል። ለገዢዎች «ተጠንቀቁ» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ዘመን ገበያ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ ገበያ ከፍቷል፤ ባንኮቻችንም በዚህ መስክ እየገቡ ነው። ለእነርሱ ያለን ጥያቄ አጭር ነው፤ ገንዘቡን በአደራ ያዙልን። በተለይ ለክፍለ ሀገሩ ገዢ ከከተማው ሰው እኩል ዓይቶ የመክፈል ዕድል ስጡት። አደራው ለሻጩም ይጠቅማል፤ ዕቃውን ሲጭን ገንዘቡ መቀመጡን ያውቃልና።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለውን እንሥራ። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው፣ ከእኛ መካከል የሌለው ማን አለ? ዕቃውን ዘመዱ በአካል አይቶ ተረክቦ በመናኸሪያ ያስጭንለት። ሁለተኛ፣ ነጋዴዎቻችን በከተማቸው የሚታወቅ አንድ ሱቅ መካከለኛ እንዲሆን ይስማሙ፤ ዕቃው እዚያ ይድረስ፣ ገዢው አይቶ ይክፈል፣ ባለሱቁም የድካሙን ይውሰድ። ሦስተኛ፣ መልእክቱንና ደረሰኙን ወዲያው በስክሪንሻት እናስቀር፤ ሕጉ ዕውቅና የሰጠው ማስረጃ ነውና። አራተኛ፣ የተታለለ ሰው በዚያው ሰዓት ወደ ባንኩ የጥሪ ማዕከል ይደውል፣ ለፖሊስም ያመልክት፤ ገንዘቡ ባይመለስ እንኳ ቀጣዩን ሰው ያድን ይሆናል። አምስተኛ፣ ጀመዓው የተታለለን ሰው አያሸማቅቅ። የሚያፍር ሰው ዝም ይላል፤ አታላይ ደግሞ ዝምታን የመሰለ ወዳጅ የለውም። ስድስተኛ፣ መድረሳዎቻችን የግብይትን ምዕራፍ ሲያስተምሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ።

ገበያን መጠበቅ በእስልምና ታሪክ የራሱ ሹም ነበረው፤ ሙሕተሲብ ይባላል። አል-ማወርዲ ስለ መንግሥት ሹመቶች በጻፉት ኪታብ ለዚህ ሹመት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥተውታል። ሙሕተሲቡ ሚዛኑን ይፈትሽ፣ የተቀላቀለውን ዕቃ ይለይ ነበር። ገዢው እንዲጠነቀቅ መንገር የሥራው ትንሹ ክፍል ነበር። ዛሬ የገበያችን ሚዛን በስልክ ውስጥ ነው፤ የሚፈትሸው ሰው ግን ገና አልተሾመም። ያ ሥራ የመንግሥት፣ የባንኮች፣ የነጋዴዎችና የእኛም ድርሻ ነው። ድርሻችንን ሳንወጣ በተበዳዩ ላይ «ብትጠነቀቂ ኖሮ» ብንል፣ በሚዛኑ ላይ የእኛንም ጣት አስቀምጠናልና እንፍራ።

አላህ በሐላል ሪዝቃችን ላይ በረካ ያድርግልን፤ ከአታላዮች ይጠብቀን፤ ከማታለልም ያርቀን። ወላሁ አዕለም።